ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወረቀት ይቆርጣል
የዲዛይን ተማሪ የመጀመሪያ ዓመትና የቤተሰብ ድርሻ

«ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባ» ብለን ዘመድ ጠርተን ቡና ያፈላንለት፣ በጸሎት የሸኘነው ልጅ ለዕረፍት ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ብናይ ደብተር ሳይሆን የተቆራረጠ ካርቶን፣ ቀለም የነካው ጨርቅና ከላይ እስከ ታች መስመር ብቻ የተሰመረበት ወረቀት ብናገኝ ምን እንላለን? ብዙ ወላጆች በሆዳቸው ይዘው ያልፉታል። አንዳንዶች ግን በአፋቸው ይናገሩታል፦ «ለዚህ ነው እንዴ የላክንህ?»

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጥያቄ ወላጆችን መውቀስ አይገባም። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ሐኪም ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ መምህሩንም፣ መሐንዲሱንም፣ የባንክ ሠራተኛውንም እናውቃቸዋለን። «ዲዛይን ደረሰኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ ግን ከዘመድ መካከል ሄደን የምንጠይቀው ሰው የለም። ልጁም ሊያስረዳን ይሞክርና ቃል ያጥረዋል፤ እርሱ ራሱ ገና እየገባው ነውና። እንዲህ ሲሆን ወላጅ በጥርጣሬ፣ ልጅ በዝምታ ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ዓመት የሚከብደው በትምህርቱ ብቻ ሳይሆን በዚህ ዝምታም ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ለማሳየት እንሞክራለን። የዲዛይን የመጀመሪያ ዓመት ከውጭ ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ከውስጥ ሲታይ ግን ዓይን ማየትን፣ እጅ መታዘዝን፣ ልብ ደግሞ እርማትን መቀበል የሚማርበት ጊዜ ነው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ ልጁን በቀላሉ አያሳዝነውም።

ዲዛይን ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ዲዛይንና ሥዕል አንድ ይመስሉናል። ዝምድና ቢኖራቸውም አንድ አይደሉም። ዲዛይን ማለት አንድ ነገር ከመሠራቱ በፊት ማን እንደሚገለገልበት፣ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚገጣጠምና ምን መልክ እንደሚኖረው አስቦና ለክቶ መወሰን ነው።

ምሳሌውን ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም። አካባቢያችን የደጋ ቀርከሃ አገር ነው። በእንጅባራ ዙሪያ በዋናው መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር፣ መደርደሪያና ቅርጫት ተደርድሮ ሲሸጥ ያላየ መንገደኛ የለም። አንድ የቀርከሃ ወንበር ሲሠራ መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ቢል የአረጋዊት እናት እግር መሬት አይደርስም፤ ከልክ በላይ ዝቅ ቢል ደግሞ ለመነሣት ሰው መያዝ ሊያስፈልጋቸው ነው። መደገፊያው ቀጥ ካለ ጀርባ ይደክማል፤ በጣም ከተጋደመ ደግሞ ምግብ ለመብላት አይመችም። ቀርከሃው ገና ለጋ ሳለ ከተቆረጠ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው ለዕቃ የተሻለ ነው። እነዚህን ሁሉ አስቦ የሚሠራው ባለ እጅ ስሙን ሳያውቀው ዲዛይን እያደረገ ነው።

ትምህርት ቤቱ በዚህ ላይ የሚጨምረው ልኬትን፣ የንድፍ ወረቀትንና ሙከራን ነው። ባለ እጁ ያሰበው በእጁና በዓይኑ ውስጥ ነው፤ እርሱ ከሌለ ሥራው ይቆማል። የተማረው ግን ያሰበውን በወረቀት ላይ አስፍሮ እርሱ በሌለበት ቦታ ሌላ ሰው በትክክል እንዲሠራው ማድረግ ይኖርበታል። ሕንፃም፣ ልብስም፣ የቤት ዕቃም፣ የመጽሐፍ ሽፋንም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ልዩነቱ የሚሠራበት ነገር ብቻ ነው።

ትምህርቱ በአገራችን

አንዳንዶች ዲዛይን ትናንት የመጣ ፋሽን ይመስላቸዋል። በአገራችን ግን ዕድሜ ያለው ትምህርት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት በ1950 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር «አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት» ይባላል። የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ደግሞ ሥሩ ሕዝቡ «ሕንፃ ኮሌጅ» እያለ ወደሚጠራውና በስዊድን ትብብር በ1947 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ተጀመረው ተቋም ይመለሳል።

ለአዊ ልጆች የሚቀርበው ባሕር ዳር ነው። ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከዳንግላ ደግሞ ይበልጥ ይቀርባል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከጅምሩ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፋሽን ዲዛይን ያስተምራል። ከዚህ ሌላ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የልብስ ስፌትና የእንጨት ሥራ የሚማሩ ልጆችም የዚሁ ሙያ ቤተሰብ ናቸው።

«እስካሁን ምንም አልሳልኩም»

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኗል። ተማሪዎቹ «ፍሬሽማን» ይሉታል። ልጁ ወደ ዲዛይን የሚያመራ ቢሆንም ከሌሎች ጋር ሎጂክና ምክንያታዊ አስተሳሰብ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የመሳሰሉትን ይማራል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌላ ቦታ የተመደበ ልጅ የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። በመሆኑም አንድ ዓመት ሙሉ እርሳስ ሳይዝ ቢከርም ተታለለ ማለት አይደለም። እንዲያውም የትምህርት ክፍል ምደባ ውጤትን የሚጠይቅ ስለሆነ «እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል» ብሎ የሚዘናጋ ልጅ የሚወደውን ክፍል ሊያጣ ይችላል። እዚህ ላይ የወላጅ ምክር ትልቅ ጥቅም አለው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በዞናችን ብዙ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በአውንጊ ነው፤ ቀጥሎ አማርኛ፣ ከዚያም እንግሊዝኛ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሦስተኛ በሆነ ቋንቋ ማሰብና መጻፍ ይጠበቅባቸዋል። ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች በዲዛይን ክፍል አንድ መጽናኛ አለ፤ የተሰመረ መስመር ትርጉም አያሻውም። ይሁን እንጂ ሥራቸውን ቆመው ማስረዳት ስለሚኖርባቸው ቋንቋውን ችላ ማለት የለባቸውም።

የመሠረታዊ ዲዛይን ሥራዎች

የጋራው ትምህርት አልቆ ልጁ ወደ ክፍሉ ሲገባ የሙያው የመጀመሪያ ዓመት ይጀምራል። ዝርዝሩ እንደየተቋሙና እንደየትምህርት ክፍሉ ቢለያይም መሠረቱ በሁሉም ዘንድ ይመሳሰላል።

መጀመሪያ የሚመጣው ማየት ነው። እስቲ ከፊታችሁ አንድ የቡና ስኒ አስቀምጡና ሣሉት። አብዛኞቻችን አፉን ክብ አድርገን እንሥላለን፤ ክብ መሆኑን እናውቃለና። ነገር ግን ተቀምጠን ከጎን ስናየው የስኒው አፍ ክብ ሆኖ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ የእንቁላል ቅርጽ ይዞ ነው የሚታየን። የሣልነው ያየነውን ሳይሆን የምናውቀውን ነው። የዲዛይን ተማሪ ለሳምንታት ጀበና፣ ወንበር፣ የራሱን እጅ፣ የክፍሉን ጥግ እየደጋገመ የሚሥለው ይህን ልማድ ለመስበር ነው። የሳይንስ ተማሪ ቀመር እንደሚያጠናው እርሱ ደግሞ ማየትን ያጠናል። ከላይ እስከ ታች በመስመር ብቻ የተሞላው ወረቀትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ መስመር ማስመር እጅን ያስገዛል።

ቀጥሎ ቀለም ይመጣል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ይሰጡትና ከእነርሱ ብርቱካናማውን፣ አረንጓዴውንና ወይን ጠጁን ራሱ እንዲያወጣ ይደረጋል። ከነጭ ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት ጥቁር እየጨመረ እስከ ጥቁር ድረስ በእኩል ደረጃ እንዲወርድ ይታዘዛል። ቀላል ይመስላል፤ ሦስት አራት ጊዜ ሳያበላሽ የሚጨርሰው ግን ጥቂት ነው። አንድ ሙከራ በቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጭ ቆርጣችሁ አንዱን በነጭ፣ ሌላውን በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ፈካ ብሎ ይታያችኋል። ወረቀቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ ከቀዩ አጠገብ የትኛውን ስንደዶ እንደሚያስገቡ የሚመርጡት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ የፈረሱ ዕቃ ከሩቅ የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪው በቤቱ ሲያየው ያደገውን ነገር በትምህርት ቤት ስሙን ያገኘዋል።

ሦስተኛው ብዙ ወላጆችን የሚያስገርመው የወረቀት ሥራ ነው። የዚህ ትምህርት ታሪክ ወደ ጀርመን አገር ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1919 ዋልተር ግሮፒየስ የተባለ አርክቴክት በቫይማር ከተማ «ባውሃውስ» የተባለ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያም አዲስ ገቢዎች ወደ ልዩ ሙያ ከመግባታቸው በፊት የሚወስዱት የመሠረት ኮርስ ተጀመረ። በዓለም ዙሪያ ብዙ የዲዛይን ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምሩት የዚያ ኮርስ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ዮሴፍ አልበርስ የተባለው መምህር ለተማሪዎቹ ጋዜጣ ያድልና «ሳታባክኑ ከዚህ አንድ ነገር ሥሩ» ብሎ ይወጣ ነበር ይባላል። ተመልሶ ሲመጣ አንዱ መርከብ፣ ሌላው ቤተ መንግሥት፣ ሌላው አውሮፕላን ሠርቶ ይጠብቀዋል። መምህሩ እነዚህ ከድንጋይ ወይም ከብረት ቢሠሩ ይሻላል ብሎ ያልፋቸውና ወረቀቱን ዝም ብሎ በርዝመቱ አጥፎ እንደ መጋረጃ ያቆመውን ተማሪ ያመሰግናል። ለምን? ልስልሱ ወረቀት በማጠፍ ብቻ ሊቆም እንደሚችል ያ ተማሪ ስላስተዋለ ነው። ወረቀቱ ሌላ ነገር እንዲመስል አላስገደደውም፤ ወረቀት ብቻ ሊያደርግ የሚችለውን አሠራው።

ይህን ትምህርት ወደ ቀርከሃችን ብናመጣው ቁም ነገሩ ይገባናል። ቀርከሃ በርዝመቱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን በዚያው በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ሚስማር ቢመቱበት ይከፈታል፤ ቢያስሩት ግን ይጸናል። እንጨት እንደሆነ አድርጎ የሚሠራበት ሰው ያበላሸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ወረቀት እያጠፈ፣ ካርቶን እየቆረጠ፣ ሽቦ እየጠመዘዘ የሚውለው ተማሪ የሚማረው እያንዳንዱ ነገር የራሱ ጠባይ እንዳለው ነው።

አራተኛው ከሙያው ጋር የሚያገናኘው ሥራ ነው። ፋሽን የምትማር ልጅ የሰው ገላ ክብ፣ ጨርቅ ግን ጠፍጣፋ መሆኑን ትጋፈጣለች። የወገብና የዳሌ ልክ ወስዳ፣ በወረቀት ላይ አስልታ፣ ለስፌት የሚተወውን ትርፍ ጨምራ ትቆርጣለች። መጀመሪያ የምትሰፋው በውድ ጨርቅ ሳይሆን በአቡጀዲ ነው። ስትለካው ወገቡ ይሰፋል ወይም ዳሌው ይጠባል፤ ትፈታዋለች፣ ታስተካክላለች፣ እንደገና ትቆርጣለች። የሕንፃ ንድፍ የሚማረው ደግሞ የሚያድርበትን ክፍል በሜትር ለክቶ በሃምሳ ወይም በመቶ እጅ አሳንሶ በወረቀት ያሰፍራል፤ ከዚያም በካርቶን ሠርቶ ያቆመዋል። ኮምፒዩተሩ በኋላ ይመጣል። በእጁ ያላሰበ ተማሪ በኮምፒዩተር የሚያወጣው ያማረ ስሕተት ነውና።

ሥራው በሰው ፊት ሲተች

በዲዛይን ትምህርት ከባዱ ነገር መሥራቱ አይደለም። ተማሪው ሌሊቱን የሠራውን ጠዋት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በመምህራንና በጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ለምን እንዲህ እንዳደረገው ይጠየቃል። «ይህ በር ወዴት ነው የሚከፈተው?» «ይህን ፊደል ከሩቅ ማን ያነበዋል?» «ይህን ቀሚስ የለበሰች ሴት ታክሲ ውስጥ እንዴት ትገባለች?» ይባላል። አንዳንዴም ሦስት ቀን የለፋበት ሥራ «እንደገና ጀምር» ይባላል። ተማሪዎች ይህን «ክሪቲክ» ወይም «ጁሪ» ይሉታል።

በሌላው ትምህርት ፈተና የወደቀ ልጅ ውጤቱን የሚያየው ብቻውን ነው። የዲዛይን ተማሪ ግን ጉድለቱ በአደባባይ ይነገራል። እኛ ደግሞ በባህላችን ሰውን በሰው ፊት ማረም ማዋረድ ይመስለናል። ስለዚህ ከቤቱ ጨዋነትን ተምሮ የሄደ ልጅ ሥራው ሲተች ራሱ የተሰደበ መስሎት ይሰበራል። «አልችልም፣ ትምህርት ክፍል ልቀይር» የሚለው ስልክ ወደ ቤት የሚደወለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቀን በኋላ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ያ ስልክ ሲመጣ ሁለት ስሕተቶች ይጠብቋችኋል። አንደኛው «ድሮም ብዬህ ነበር» ማለት ነው። ሁለተኛው «መምህሩ ጠልቶህ ነው» ብሎ ማባበል ነው። ሁለቱም ልጁን አይረዱም። የሚረዳው «ምን አሉህ? የትኛውን ነው የምታስተካክለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራው ይታረም እንጂ እርሱ አልተናቀም። አቡጀዲው የሚፈታው ልብሱ እንዲያምር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለባለ ትዳሮችም ትምህርት አለው። ባል ወጡ ጨው እንደበዛበት ቢናገር ሚስት «እኔን ጠላኝ» ብላ ካዘነች፣ ሚስት ወጪው እንደበዛ ብትናገር ባል «ናቀችኝ» ብሎ ከተቆጣ በዚያ ቤት ያደገ ልጅ እርማትን ከየት ይማራል? ሥራንና ሰውን ለይቶ መናገር ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት በእናትና በአባት መካከል ነው።

ወጪና እንቅልፍ

አሁን ወደ ኪስ ጉዳይ እንምጣ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ በወጪ መጋራት ቢማርም እርሳስ፣ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ወፍራም ወረቀት፣ ካርቶን፣ መቁረጫ፣ ኮላ፣ ሜትር፣ አቡጀዲ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ አይደለም። ይህን ያላወቀ አባት «ባለፈው ወር ለቀለም ብለህ ወስደህ አልነበረም?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

መፍትሔው ግልጽነት ነው። ልጁ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ከመምህሩ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ተቀብሎ ለቤተሰቡ ይላክ። አሁን የግድ የሆነውና ሊቆይ የሚችለው ይለይ። ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ከሚችለው ወገን ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ በእጅ ስለሆነ በብድር ከመግዛት በፊት ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ይገባል። መቁረጫና ማስመሪያ ጓደኛሞች በጋራ ሊገዙ ይችላሉ። ለወረቀት ሥራ ከሱቅ የሚጣል የዕቃ ካርቶን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሌላው እንቅልፍ ነው። የዲዛይን ተማሪ የሥራ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ሌሊቱን ያነጋል። በዚያ ሰሞን ስልክ ባያነሳ ጠፋ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ሳምንት ሙሉ የማይተኛ፣ ምግብ የሚዘል ልጅ ከመበርታቱ ይልቅ ጊዜውን አለመከፋፈሉ ነው የሚታየው። ደክሞ የያዘው መቁረጫም ጣት ይቆርጣል። ሥራውን በቀናት ከፋፍሎ መሥራት እንደ መሥመር ማስመር ሁሉ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ያለፉት ወራት ለሩቅ ተማሪም ለወላጅም ከባድ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ ብልህ ቤተሰብ ልጁ ሲሄድ ለአንድ ሁለት ወር የሚሆነውን ቁሳቁስ አስቀድሞ ያስይዘዋል።

«ልብስ ሰፊ ልትሆን ነው?»

ሳንሸፋፍን የምንነጋገርበት አንድ ነገር ይቀራል። አንዳንድ ቤተሰቦች የሚያፍሩት ትምህርቱን ስለማያውቁት አይደለም፤ የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው። በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! የሸመነውን ለብሰን፣ በሠራችው ጀበና ቡና ጠጥተን ባለ ሙያዎቹን መናቃችን ዛሬም በለሆሳስ አለ። «ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልብስ ሰፊ ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ የዚያ ልጅ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን እንዲህ አያስብም። በዘጸአት ምዕራፍ 31 የእግዚአብሔር መንፈስ እንደሞላበት የተነገረለት ባስልኤል ነቢይ ወይም ንጉሥ አልነበረም። በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት ንድፍ አስቦ የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ ጳውሎስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር የተቀመጠው ሙያቸው አንድ፣ ድንኳን መስፋት ስለነበረ ነው። ባልና ሚስት አንድ ላይ እየሰፉ ሐዋርያን አስተናገዱ። በዚያ ቤት መርፌና ክር አላሳፈረም።

እንጀራስ ይገኝበታል ወይ? ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም፤ በሌላውም ትምህርት ቢሆን ዛሬ ዋስትና የለም። ነገር ግን ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር «ሶል ሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር የተነሣችው ሁላችን ከምናውቀው ከበረባሶ ነበር። ያረጀ የመኪና ጎማ ለሁላችንም ያረጀ ጎማ ነው፤ ማየት ለተማረ ሰው ግን ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ጫማ ነው። ቀርከሃችንም እንዲህ የሚያየው ልጅ ይጠብቅ ይሆናል።

ለአባትና ለእናት

ብዙ ጊዜ ልጁን የሚጎዳው ድህነት ሳይሆን የወላጆች አለመስማማት ነው። አባት «ክፍል ይቀይር» ይላል። እናት ደግሞ ከባሏ ደብቃ ገንዘብ ትልክለታለች። ልጁ ገንዘቡን ቢያገኝም ምሥጢር ተሸክሞ ይማራል፤ አባት በኋላ ሲሰማ የሚቆጣው በገንዘቡ ሳይሆን በመደበቁ ነው። ውድ ባለ ትዳሮች፣ አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፣ ጸልዩበት። በየወሩ የምትችሉትን ወስኑ፤ ትንሽ ቢሆንም የሁለታችሁ ይሁን። ከዚያ በኋላ ልጁን በአንድ ድምፅ አነጋግሩት።

ለቤተ ክርስቲያን

ዲዛይን የሚማር ልጅ በጉባኤያችን መካከል እንዳለ ስናውቅ ደስ ይለናል። ከዚያም የኮንፈረንስ ባነር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የመድረክ ማስዋቢያ ሁሉ በእርሱ ላይ ይጫናል። «ለነገ ጠዋት አድርስልን፣ ለጌታ ነው» እንላለን። አገልግሎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈተና ላይ እንዳለ ሳንጠይቅ፣ የወረቀቱን ዋጋ እንኳ ሳንሸፍን ብንጭንበት አገልግሎትን አናስተምረውም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመን እንንገረው፤ መጠኑን፣ ጽሑፉንና ቀኑን ለይተን እንስጠው፤ የቁሳቁሱን እንክፈል። ሲያመጣውም «በርታ» ብቻ ብለን አንሸኘው። ባነሩን ሰቅለን ከኋላ ወንበር ሆነን እናንብበው። ካልተነበበ በፍቅር እንንገረው። ለእርሱ ይህ ከትምህርት ቤቱ የማይተናነስ ልምምድ ነው።

ቤተሰብ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው

- ለዕረፍት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ሠራህ?» በሉት፤ አንዱን ሥራ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ለእናቱና ለአያቱ ማስረዳት የቻለ ተማሪ በመምህሩ ፊት አይርበደበድም።
- የተበላሸውን ወረቀት ለእሳት ማቀጣጠያ አታድርጉት። ተማሪ ሥራውን ከነስሕተቱ ሰብስቦ ማቆየት አለበት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ዕድገቱ የሚታየው ከዚያ ነው። በኋላም ሥራ ሲፈልግ ከወረቀት ማስረጃው እኩል የሚጠየቀው ይኸው የሥራ ጥራዝ ነው።
- በክረምት ወደ ባለ እጆች ላኩት። ከቀርከሃ ሠሪ፣ ከሸማኔ፣ ከልብስ ሰፊ ዘንድ አንድ ሳምንት ቢውል በክፍል የማያገኘውን ያገኛል። ግን በትሕትና ይቀመጥ፤ «እኔ የተማርኩ ነኝ» ካለ ምንም አያሳዩትም።
- በቤት አንድ እውነተኛ ሥራ ስጡት። የሚያንገዳግደውን መደርደሪያ፣ የማይመቸውን የወጥ ቤት ጥግ ለክቶ እንዲያስተካክል ጠይቁት።
- ከሐኪሙ ወይም ከመሐንዲሱ የጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ኖሯችሁ «ዲዛይን እፈልጋለሁ» ካላችሁ አትከልክሉት፤ ዝም ብላችሁም አትልቀቁት። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ግዙለትና ለአንድ ወር በየቀኑ በቤትና በግቢ ካለው አንድ ነገር እያየ ይሣል፤ ጀበናውን፣ አጥሩን፣ የበሩን ጫማ፣ የአባቱን እጅ። ማማሩን አትመልከቱ። በ10ኛው ቀን ከሰለቸው ፍላጎቱ የወሬ ነበር። በ30ኛው ቀን ሌላ ደብተር ከጠየቃችሁ ግን ያን ጊዜ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ስለ ዲዛይን በቁም ነገር ተነጋገሩ።

ጌታ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይባርክ።